እንዶድና የአክስቴ ሙቀጫ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? ራቤል አክስቴ ቤት ግን ለጥምቀት የሚፈለገው አዲስ ቀሚስ ሳይሆን የነጣ ጋቢ ነው። የአክስቴ ጋቢ፣ የባለቤቷ ኩታ፣ የልጆቹ ነጠላ፣ የማን እንደሆነ የተረሳ አንድ አሮጌ ቡልኮ ሳይቀር ከከተራ በፊት ወንዝ ወርዶ፣ ተረግጦ፣ ሣር ላይ ተሰጥቶ ካልነጣ በዓሉ የደረሰ አይመስላቸውም። የሚያነጣው ደግሞ ከሱቅ የሚገዛው ዱቄት ሳሙና አይደለም፤ እንዶድ ነው። ያን እንዶድ ላምጣ ብዬ የተነሣሁት እንግዲህ እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ራቤል ውስጥ ያልሰማ የለም፤ እናንተም ከሌላ ሰው ተጨማምሮበት ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል።

ራቤልን ለማያውቅ መጀመሪያ መንገዷን ልንገረው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እሱ ምንም አይደለም። ጣርማበር ላይ ከደሴው መንገድ ተገንጥሎ በሞላሌ፣ በመሐል ሜዳ አድርጎ፣ መንዝን እያቋረጡ ወደ ግሼ መዝለቅ ነው ጉዞ የሚባለው። ገብሱ፣ በጉ፣ ከበጉ ጠጉር የሚሠራው ባናና በርኖስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብርዱ! የመንዝ ሰው ለእንግዳ መጀመሪያ የሚያቀርበው እሳት ነው፤ ምግቡ ቀጥሎ ይመጣል። የጓሳን ሣር ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ ያቆየ ሕዝብ ነው፤ ማጨጃው ጊዜ ተከፍቷል እስኪባል ድረስ አንዲት ነዶ የሚነካ አልነበረም። ይህን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። እዚያ አገር እያንዳንዱ ሣርና ቅጠል ሥርዓት አለው፣ መቼ እንደሚቆረጥ፣ በምን እንደሚያዝ፣ የት እንደሚቀመጥ። ሥርዓቱን ግን ማንም ተቀምጦ አይነግርህም፤ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ አንተም የምታውቀው ይመስላቸዋል።

ገናን እዚያው ከአክስቴ ጋር ዋልን። በዓሉ እንዳለፈ የልብሱ ነገር ተነሣ። እኔ ከአዲስ አበባ ይዤው የሄድኩትን ሁለት ፓኬት ዱቄት ሳሙና አውጥቼ ሰጠኋት። ተቀበለችኝ፣ መረቀችኝ፣ ከሳጥኑ ጀርባ አስቀመጠችው።

«ምነው እትዬ፣ በዚህ አታጥቢበትም?»

«እሱ ለሸሚዝህ ይሁንህ የኔ ልጅ። ጋቢ በእንዶድ ነው። ይኸ ጥጡን ይበላዋል፣ ያደርቀዋል። እንዶድ ያጠበውን ጋቢ ለብሰህ ተኝተህ ታውቃለህ?»

ለብሼ ተኝቻለሁ፤ እሷው ቤት፣ ልጅ ሆኜ። እውነቷን ነው፤ ጋቢው እንዳዲስ ይለሰልሳል፣ ነጭነቱም ዓይን የማይወጋ ነጭነት ነው። ችግሩ እንዶዱ አልቋል። ገበያው ደግሞ ያለፈው ትናንት ነው፤ እስከሚቀጥለው ገበያ ከተጠበቀ ለማድረቂያና ለመውቀጫ ጊዜ አይኖርም። አክስቴ ከጎረቤት ልትበደር ስትነሣ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር ለምን? ከጫካው እኔ ለቅሜ አመጣልሻለሁ» አልኳት። ዞር ብላ አየችኝ። የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ታውቀዋለህ?» አለችኝ። «አሳምሬ!» አልኩ። ጆንያ ሰጠችኝ።

ከከተማው ወረድ ሲሉ ብርዱም ወረድ ይላል። እንዶድ ነፋስ የሚገርፈውን አናት አይወድም፤ ሸለቆ፣ የጫካ ዳር፣ የአጥር ጥግ ነው የሚፈልገው። ራሱን ችሎ ቀጥ ብሎ መቆም ብዙም አይሆንለትም፤ ወይራም ሆነ ጥድ ካገኘ ተንጠላጥሎ ይወጣበትና አናቱ ላይ ይንሰራፋል። እኔም አንድ ወይራ ሙሉ በሙሉ እንዶድ ተሸክሞ አገኘሁ። ቅጠሉን አወቅሁት፣ ለስላሳና ወፈር ያለ ነው። አበባውም ረጃጅም ዘለላ ሆኖ ተንዠርግጓል። ደስ አለኝ። ፍሬውን ፍለጋ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ፣ ዘለላ በዘለላ ፈተሽኩት። ወይራው ላይ ወጣሁ። ሸሚዜ ተቀደደ። ፍሬ የለም። «እላይ ይሆናል» ብዬ ጨምሬ ወጣሁ።

ከሥር የልጅ ድምፅ መጣ። «ጋሼ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?»

በጎቹን ይዞ የቆመ እረኛ ነው፤ ባና ተከናንቦ ዓይኑ ብቻ ይታያል።

«እንዶድ ልለቅም ነው።»

«እሱ እኮ ወንዴ ነው!»

ወንዴ የሚለው መጀመሪያ አልገባኝም። ልጁ ግን በትዕግሥት አስረዳኝ። እንዶድ ወንዴና ሴቴ አለው፤ ወንዴው ያብባል እንጂ አያፈራም፤ የሚያፈራው ሴቴው ብቻ ነው። «ወንድ መቼ ይወልዳል?» አለኝና ሳቀ። ልክ ነው፤ የዕፅዋት ጠበብትም የሚሉት ይኸንኑ ነው፣ ወንዴ አበባና ሴቴ አበባ በተለያየ ተክል ላይ ነው የሚወጣው። የመንዝ እረኛ ይህን የሚያውቀው በጎቹን ሲጠብቅ እያየው አድጎ ነው። ከወይራው ለመውረድ ልጁ እግሬን እየያዘ «እዚህ ይርገጡ፣ አሁን እዚህ» እያለ መራኝ፤ በጎቹም ሣራቸውን ትተው አዩን።

ሴቴው ያለው ብዙም አይርቅም ነበር። ፍሬውን ቀረብ ብሎ ላላየው ልንገረው፤ እያንዳንዷ ፍሬ ከአተር ብዙም አትበልጥም፣ ግን ድቡልቡል አይደለችም። አምስት ጉንጭ አላት፤ ጉንጮቹ መሐል ላይ ተገጣጥመው ትንሽ ዱባ ትመስላለች። ዘለላው ላይ ተጠጋግተው ይደረደራሉ። ሲጀምሩ አረንጓዴ ናቸው፣ ቀጥሎ ጉንጫቸው ይቀላል፣ ሲበስሉ ብርቱካንማ ቀይ ሆነው ጫካውን ያበሩታል። ማንም ልጅ አይቶ ወደ አፉ ሊወስዳት የምታምር ፍሬ ናት፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። እኔም ዓይኔ ቀዩ ላይ አረፈና ቀዩን መልቀም ጀመርኩ።

«ቀዩን ለወፍ ይተዉላት» አለኝ ልጁ። «እናቶች የሚለቅሙት አረንጓዴውን ነው፤ አረፋ ያለው እሱ ነው።»

በኋላ እንዳነበብኩት ተመራማሪዎችም ከብዙ ልፋት በኋላ የደረሱት እዚሁ ላይ ነው፤ የፍሬው ኃይል የሚበረታው ሳይበስል፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። የለቀምኩትን ቀይ ደፋሁና እንደገና ጀመርኩ። ልጁም አብሮኝ ለቀመ። እኔ አንድ እፍኝ ስለቅም እሱ ጆንያውን ሞላው፤ ያመጣሁት እሱ የለቀመውን ነው ማለት ይቻላል። አክስቴ ግን ጆንያውን ስታይ «እሰይ የኔ ልጅ!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ፣ ምስጋናውንም ለእረኛው ሳላካፍል ተቀበልኩት።

ፍሬው ጓሮ፣ ዶሮና ሕፃን የማይደርስበት ቆጥ ላይ ተሰጣ። ፀሐዩና ደረቁ ነፋስ ቶሎ አደረቁት። ደርቆም ጠቆረና ተጨማደደ። እንዶድ እንዲህ ከደረቀ በኋላ ተቀምጦ ይቆያል፣ ኃይሉን አይጥልም፤ ሴቶቹ በየማድጋው ከትተው ለዓመት የሚያቆዩት ለዚህ ነው። የቀረው መውቀጥ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት አክስቴ ለቅሶ ልትደርስ ወጣች፣ ልጇ ውሃ ልትቀዳ ወረደች፣ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። እስኪመለሱ ወቅጬ ብጠብቃቸው ብዬ አሰብኩ። ሥራ ፈትቶ የእንግዳ እንጀራ መብላት ይከብዳል፤ ይህን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ውጭ ልወቅጥ ብል ነፋሱ ዱቄቱን ይበትነዋል። ስለዚህ ቤት ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ። ምድጃው አጠገብ ሙቀጫ ከነዘነዘናው ቆሟል። ጥቁር፣ አፉ የተበላ፣ የአያቴ የነበረ፣ ከዚያ ወደ አክስቴ የተላለፈ የወይራ ሙቀጫ። እሱ ውስጥ ደፋሁትና መውቀጥ ጀመርኩ።

እንዶድ ሲወቀጥ አጠገቡ ቆማችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። ዱቄቱ ከበርበሬ ይብሳል። አፍንጫ ይገባል፣ ጉሮሮ ይይዛል፣ ዓይን ያስለቅሳል። መጀመሪያ አንዴ አነጠሰኝ። ከዚያ ተከታተለብኝ። ዘነዘናውን አንሥቼ ሳነጥስ እጄ ይለቀዋል፤ ዝቅ ብዬ ሳነሣው ዱቄቱ በትንፋሼ ቦን ብሎ ፊቴ ላይ ይነሣል። በሩን ልክፈት ስል ነፋሱ ገባና የቀረውን ቤቱ ላይ በተነው። በዚህ መሐል ነው አባ፣ የቤቱ የንስሐ አባት፣ መስቀላቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ የቆሙት።

«ይማርህ ልጄ» አሉኝ።

«ያኑርዎት አባ» ልል አፌን ስከፍት አነጠሰኝ።

«ይማርህ።»

አሁንም አነጠሰኝ። አባ ገብተው ተቀመጡ፤ እሳቸውንም አነጠሳቸው። «ይማርዎት» አልኳቸው። ተከትለዋቸው የመጡት ጎረቤቶችም ገና ከመቀመጣቸው ጀመራቸው። ለጥቂት ጊዜ በዚያ ቤት ውስጥ «ይማርህ፣ ያኑርሽ፣ ይማርዎት» ከማለት በቀር ሌላ ንግግር አልነበረም። «ምን ነክቶን ነው?» ሲሉ «ጉንፋን ገብቷል መሰለኝ» አልኩ። ዱቄቱን በጆንያ ጠቅልዬ ከበሩ ጀርባ አደረግሁት፤ ሙቀጫውን በጨርቅ ወለወልኩት። በደንብ ነው የወለወልኩት፣ አሁንም እላለሁ።

የአክስቴ ልጅ ውሃዋን ቀድታ መጣች። አባ ስላሉ ቡና ተቆላ። ቤቱ በቡናው ሽታ ሲሞላ ማስነጠሱም ቀስ በቀስ ተወን፤ የገብስ ቆሎ ቀረበ፤ ጨዋታው ደራ። ልጅቱ የተቆላውን ቡና ይዛ ወደ ሙቀጫው ስትሄድ «ንጹሕ ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። አቧራ እንደሆነ የምትጠይቀኝ መስሎኝ «ወልውዬዋለሁ» አልኳት።

ያ ሙቀጫ የቡና ሙቀጫ ነው።

የእንዶዱ መውቀጫ ሌላ ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ልሞቅ የምቀመጥበት፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ ሰፊ ድንጋይ አለ፤ እሱ ነው። አክስቴ ቤት ከመጣሁ ጀምሮ እላዩ ላይ ስቀመጥ ሁሉም ያየኛል። «እሱ የእንዶድ ነው» ያለኝ የለም፤ ማን ይንገረኝ፣ የሚታወቅ ነገር ነዋ።

ጀበናው ተጣደ። ሲፈላ አፉን ሞልቶ አረፋ መጣ፤ ቡና ሁሌም ገንፈል ይላል፣ ማንም ልብ አላለውም። ልጅቱ ከእሳቱ አወረደችው፣ አረፋው አላቆመም። ሰከን ይበል ብላ ጠበቀች፣ አሁንም እየፈነዳ በጀበናው አንገት ይወርዳል። «ዛሬ ቡናው ጥጋብ ነው» አሉ አንዲት ጎረቤት፤ እንደ መልካም ምልክት ነው የቆጠሩት። አቦሉ ተቀዳ፤ የመጀመሪያው ሲኒ ለአባ፣ ሁለተኛው ለእኔ፣ ለእንግዳው። አባ ሲኒያቸውን ይዘው ምርቃት ጀመሩ።

የአባ ምርቃት አጭር አይደለም። ለዝናቡ አሉ፣ ለአዝመራው፣ ለከብቱ፣ አገር ርቆ ለሄደው፣ ለታመመው፣ ለባለ ቤቷ። ሌላው ሲኒውን ይዞ «አሜን፣ አሜን» ይላል። እኔ ጉሮሮዬ ከጠዋቱ ዱቄት ደርቆ ነበር፤ ሁሉም ዓይኑን ዝቅ እንዳደረገ አየሁና ምርቃቱ ሳያልቅ ፉት አልኩ። አንዴ ብቻ አይደለም። ትኩስነቱ ጣዕሙን ሸፈነው፤ ሁለተኛው ጉንጭ ላይ ነው የመረረኝ። ምሬቱ የቡና አይደለም፤ ምላስ ላይ ይጣበቃል፣ ጉሮሮ ውስጥ ይቧጭራል። አፌ ውስጥ የቀረውን ይዤ መቆየት አልቻልኩም። አባ «እንግዳችንንም...» ብለው እጃቸውን ወደ እኔ ሲዘረጉ አነጠሰኝ፤ ቡናው በሙሉ ነጩ ነጠላቸው ላይ አረፈ።

ዝም አለ ቤቱ። አባ ነጠላቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «ይማርህ» አሉኝ።

አክስቴ የገባችው በዚያች ደቂቃ ነው። ሰላምታ ከመስጠቷ በፊት ጀበናውን አየችው። አረፋው አሁንም ይወርዳል። ቀጥ ብላ ወደ ሙቀጫው ሄደች፣ ጎንበስ ብላ አሸተተች፣ ቀና አለችና «አትቅመሱ!» ብላ ጮኸች። ከእኔ በቀር አንድም ሰው አልቀመሰም ነበር፤ የአባን ምርቃት ረጅም ያደረገ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። ሲኒው ሁሉ ደጅ ተደፋ። «ማነው እዚህ ውስጥ የወቀጠ?» ስትል የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ። አልቆጣችም። «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አለች ቀስ ብላ፣ ወዲያው ደግሞ «አንተ ልጅ፣ ጠጥተሃል?» አለች፤ ድምፅዋ ተለወጠ።

የሆነውን ሁሉ አልዘረዝርም። ሆዴ ተገለበጠ፤ ከጓሮው እስከ በሩ ባለው መንገድ ላይ ያልያዝኩት አጥር የለም። ጤና ጣቢያ የወሰዱኝ በበቅሎ ነው። የአክስቴ ባል ልጓሙን ይዘው ከፊት፣ አክስቴ ወገቤን ይዛ ከጎን፣ አባም በተበከለ ነጠላቸው ከኋላ። ያገኘን ሁሉ ይቆማል። «ምን ሆነ?» ይላል። «እንዶድ ጠጥቶ» ይባላል። «እንዴት?» ይላል። ከመጀመሪያ ጀምሮ ይነገረዋል። ሰውየው አብሮን ይሄዳል። ጤና ጣቢያው ስንደርስ ለለቅሶ የሚበቃ ሰው ተከትሎን ነበር፤ እኔም በበቅሎዋ አንገት ላይ ተደፍቻለሁ።

ነርሷ ወጣት ነበረች። «ምንድን ነው የጠጡት?» አለችኝ። አክስቴ ቀድማ «እንዶድ» አለች። ያን ጊዜ ነርሷ ሰዎቹን ሁሉ ወደ ውጭ አስወጣች፣ በሩን ዘጋች፣ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «አሁን ብቻችንን ነን» አለች። «ማንም አይሰማንም። የደረሰብዎት ነገር አለ? ለምንድን ነው የጠጡት?»

«ቡና መስሎኝ» አልኳት።

አልሳቀችም። ከመጀመሪያው ጀምሮ አስተረከችኝ፣ እጄ ላይ ግሉኮስ ሰካች፣ እስኪነጋ እዚያው አሳደረችኝ። ያልሳቀችበት ምክንያት እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። እንዶድን ሰው የሚጠጣው እንደኔ በሲኒ ተቀድቶለት አይደለም። በአገራችን ፅንስ ለማስወረድ ይጠጣል፣ ለአባለዘር በሽታ ይጠጣል፣ የእብድ ውሻ ለነከሰው ይሰጣል፣ ከብት ጉሮሮ ላይ ለተጣበቀ አልቅት ይጋታል። መጠኑን የሚያውቅ የለም፤ ብርጭቆ የለካው የለም። በዚህ የሞተ ሰው አለ። አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ጨርቅ ላይ ሲሆን እድፍ ያወጣል፣ ሆድ ውስጥ ሲገባ አንጀት ያቃጥላል፣ ደም ውስጥ ከደረሰ ቀይ የደም ሕዋስን ያፈርሳል። ነርሷ በሩን ዘግታ ያን ጥያቄ የጠየቀችኝ ማንም ሰሚ ስታጣ ብቻዋን ጓሮ ገብታ የጠጣች አንዲት ልጅ በዓይኗ ላይ ስላለች ነው ብዬ አምናለሁ። ሁሉም ጤና ጣቢያ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ይኑረው።

በማግሥቱ ስወጣ ስሜ ተቀይሮ ጠበቀኝ። ልጆቹ «ጋሼ እንዶድ» ይሉኛል። ያ እረኛ ግን በዚያ ስም አልጠራኝም፤ ከሩቅ አይቶኝ «ጋሼ፣ ዳኑ?» አለኝ።

ከበሽታው የባሰብኝ ሙቀጫው ነው። አክስቴ ማንም ሳይነግራት ወደ ጓሮ አውጥታ በመጥረቢያ ገመሰችው፤ እንጨት የጠጣውን አይተፋም፣ ከእንግዲህ ቡናም ጨውም አይወቀጥበትም አለች። ማንም አንሥቶ እንዳይጠቀምበት ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረችው። የአያቴ እጅ ያለሰለሰው ሙቀጫ ነበር። «ሌላ ይገዛል፣ ሰው አይገዛም» ብላ ከዚያ ወዲያ አላነሣችውም። እኔ ግን አነሣዋለሁ።

እጥበቱ ቀረ? አልቀረም። ከከተራ በፊት ልብሱ ሁሉ፣ የአባ ነጠላም ተጨምሮበት፣ ወደ ወንዝ ወረደ። እርግጫው ለእኔ ተሰጠኝ። ሴቶቹ የድንጋይ ገንዳ ውስጥ የእንዶዱን ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጠበጡት፤ አረፋው ነጭ ሆኖ ተነሣ፤ ጋቢው ተነከረ፤ እኔ ሱሪዬን ጠቅልዬ ገባሁ። ውሃው ከመቀዝቀዙ የተነሣ እግሬ የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አረፋው ወደ ወንዙ ሲለቀቅ አክስቴ ወደ ታች ዞራ «ከብቶቹን ከላይ አጠጡ! ከላይ!» ብላ ትጮኻለች። እረኞቹም ሳይጠይቁ ያዞራሉ።

ይህን ከታች ያለውን ውሃ አስተውሎ ማየት ነው አንድን ኢትዮጵያዊ ስመ ጥር ያደረገው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እያጠኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ በሕይወት አሉ። በሕይወት ያሉትን ወስደው ከሴቶቹ አረፋ ውስጥ ቢጨምሯቸው ሞቱ። ቢልሃርዝያ ማለት በውሃ ውስጥ በቆዳ ገብቶ ጉበትና አንጀት የሚጎዳ ትል ነው፤ ትሉ ያለ ቀንድ አውጣው አይራባም። ቀንድ አውጣውን የሚገድል ከውጭ የሚገዛ ኬሚካል ነበር፤ ዋጋው ግን የድሃ አገር አቅም አይደለም። እንዶድ ደግሞ አጥራችን ላይ ተንጠልጥሏል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለዓመታት አድዋ ላይ በተደረገው ሙከራ በትንንሾቹ ልጆች ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። የእርሻ ተመራማሪው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ ቦታ እንዶድ ሰብስበው እያበቀሉ እያወዳደሩ ዓይነት 44 የተባለውን ብርቱ ዘር መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱም ስዊድን ውስጥ የሚሰጠውን፣ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

ወንዙ ውስጥ ቆሜ ጋቢ ስረግጥ ይህን ለሴቶቹ ነገርኳቸው። አንደኛዋ «እሱንማ እኛም እናውቃለን፤ አልቅቱም ይሞታል» አለች። ታውቃለች። አክሊሉ ለማም የሴቶቹን ሥራ ቆመው ስላዩ ነው ያወቁት። የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የውጭው ዓለም ደኅንነቱ ይረጋገጥ እያለ ዓመታት አለፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ቧንቧ የሚዘጋ ባዕድ ዛጎልን በእንዶድ ለመግደል የባለቤትነት መብት አወጣበት። የእኛ እናቶች ከጥንት ጀምሮ ወንዝ ዳር የበጠበጡት አረፋ ሌላ ሰው መዝገብ ላይ ሰፈረ ማለት ነው። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1997 አረፉ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እኛ ግን የእንዶዱን ነገር ገና ከዳር አላደረስነውም፤ ሐረጉ ደግሞ እርሻ በሰፋና ጫካ በተመነጠረ ቁጥር አብሮ እየተነቀለ ነው። ይህን ስናገር ሴቶቹ «እርገጥ፣ አትቁም» አሉኝ። ረገጥኩ።

ጋቢው ነጣ። የአባም ነጠላ ከቡናው እድፍ ምልክት አልቀረበትም፤ ለከተራ ለብሰውት ታቦት አጅበው ወጡ።

ከመመለሴ በፊት ገበያ ወርጄ ለአክስቴ አዲስ የወይራ ሙቀጫ ገዛሁላት። ድንጋዩ ላይ ደግሞ፣ ያ ፀሐይ የምሞቅበት፣ በከሰል ምልክት አደረግሁበት። አክስቴ «ይኸ ምን ይሠራል፣ የማያውቅ አለ?» አለችኝ። አለ፣ እትዬ። እናንተም ቤት እንዶድ የሚወቀጥበት ድንጋይ ወይም ሙቀጫ ካለ ምልክት አድርጉበትና ለልጆቹ አሳዩአቸው፤ ቀዩም አረንጓዴውም ፍሬ አፍ ላይ እንደማይደርስ ንገሯቸው። የዋጠ ሰው ካለ ደግሞ ወተት ነው፣ ጠበል ነው ሳትሉ በበቅሎም ሆነ በቃሬዛ ቶሎ ጤና ጣቢያ አድርሱት። ለእንግዳም ንገሩት፤ አውቃለሁ ቢላችሁ እንኳ ንገሩት።